የጥሩምባ ማኅበር ሽማግሌዎች

የሰው ልጅ የጠላውን ነገር ብቻውን መጥላት ይችላል፤ የወደደውን ግን ብቻውን መውደድ አይችልም። እስቲ ልብ ብላችሁ እዩ። ጥርሱን የታመመ ሰው ጉንጩን ይዞ ጥግ ይቀመጣል፣ ማንንም አይፈልግም። ጥሩ ጠጅ ያገኘ ሰው ግን ብርሌውን ሳይጨርስ ስልኩን አውጥቶ «የት ነህ?» ማለት ይጀምራል። ለምን ይሆን? ጠጅ ሲካፈሉት ያንሳል እንጂ አይበዛም። ግን አንድ ሰው መጥቶ፣ ቀምሶ፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ «እውነትህን ነው» ካላለን በቀር የወደድነውን ነገር የወደድነው አይመስለንም።

ጠጅ የሚወድ ሰውስ ዕድለኛ ነው፤ ደብረ ታቦር ውስጥ አጣጪ አያጣም። መከራው ጃዝ ለሚወድ ሰው ነው። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፣ ዕድሜዬ ሃምሳን ሊያንኳኳ ደርሷል፣ ብዙውን ዘመኔን ጃዝን እንደ ድብቅ በሽታ ለብቻዬ ይዤ ኖሬአለሁ። ባለቤቴ ደግ ሴት ናት፤ ሳክስፎኑ ሲጀምር ምንም ሳትናገር ጓዳ ገብታ ሥራ ትፈልጋለች። ቤታችን ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ቤቴ ጋብዤ፣ አንድ ሙሉ አልበም ከዳር እስከ ዳር አሰማሁት። በጸጥታ አዳመጠ። ደስ አለኝ፣ እንዲያውም ዓይኔ እንባ ሊያቀርር ነበር። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሮ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለኝ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ዘፋኙን እየጠበቀ ነበር።

ይህ ከተማ ለናስ ባዕድ ቢሆን ኖሮ አይደንቀኝም ነበር። ነገር ግን እዚሁ አፍንጫችን ሥር ጋፋት አለች፤ በድሮ ጊዜ ንጉሥ ናስ አስቀልጠው መድፍ ያሠሩባት መንደር። አሁን ማሳ ነው፣ የእግር መንገድ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ነገር ይቆጨኛል። ያ ሁሉ ናስ ለመድፍ ከሚውል ግማሹ እንኳ ለጥሩምባ ውሎ ቢሆን፣ ዛሬ እኔ አብሮኝ የሚሰማ ሰው ፍለጋ ባልተንከራተትኩ ነበር። ምን ይደረግ፣ ታሪክ የጂኦግራፊ መምህር አያማክርም።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ከዚህ ብቸኝነት ያወጣችኝ ትርንጎ ናት። ትርንጎ የጎረቤታችን ከተማ የገሳይ ልጅ ናት፤ ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ እዚህ ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ጭማቂ ቤት ከፈተች። ትርንጎ የሚባል ስም ይዞ ጭማቂ መሸጥ እንዴት ያለ መታደል ነው፤ ለሰሌዳው ሌላ ስም መፈለግ እንኳ አላስፈለጋትም። አንድ ቀን አቮካዶ ልጠጣ ገባሁና ብርጭቆው አፌ ላይ ቀረ። ከጓሮ በኩል ቤዝ ይሰማል። ያ ትልቁ፣ ቆመው የሚመቱት ቤዝ። ይህን የከፈተው ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። «እኔ ነኝ፣ ምነው መምህር፣ ረበሸዎት? ልቀንሰው?» አለችኝ። ከቀነስሽው እንጣላለን አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤይሩት ያሠራቻት አሮጊት ማዳም ከጠዋት እስከ ማታ የጃዝ ሸክላ ታሰማ ነበር። ትርንጎ ስታወራው፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጠላችው፣ በሁለተኛው ለመደችው፣ በሦስተኛው ማዳም ስትተኛ ራሷ እየተነሣች መክፈት ጀመረች። ከአረብ አገር ሰው ወርቅ ይዞ ይመጣል፣ ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል፤ እሷ ይዛ የመጣችው ይህንን ነው። ታዲያ ስትወድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ስትከራከርም ሌላ ናት። አንድ ፒያኖ ተጫዋች ይበልጣል አይበልጥም በሚል የጀመርነው ክርክር፣ እኔ ተሸንፌያለሁ ብዬ ከሄድኩ በኋላም በማግስቱ ስልክ ተደውሎልኝ ቀጥሏል።

እንዲህ ሁለት ሆንን። ሦስተኛው አያሌው ነው፤ ፋርማሲው ከጭማቂ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ድራሙን በግድግዳው በኩል ሰምቶ ነው ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ በሽተኛ ባንኮኒው ላይ ትቶ የመጣ። አያሌው የሚሰማው ድራም ብቻ ነው። የቀረው መሣሪያ ሁሉ ለእሱ የድራሙ እንግዳ ነው። ጠረጴዛውን እየደበደበ «ይቺን ስሙልኝ፣ ይቺን» ሲል እኛ የምንሰማው እሱን ነው እንጂ ድራሙን አይደለም። አራተኛው ታምራት ነው፤ የሆሳዕና ልጅ፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ኢንጂነር። እሱ ደግሞ ጭራሽ አይናገርም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? በዚህ ሂሳብ ታምራት እስከ ዘላለም ሳይነቅዝ ይኖራል።

አራት ሰው ከሆኑ በኋላ በኛ አገር ሌላ ምን ይደረጋል? ማኅበር ይጠጣል። እኛም ጠጣን። በየወሩ መጨረሻ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በተራ በየቤታችን። ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፣ አልበም ግን ሁሉም ያመጣል። ስንለያይ ጽዋ ለተረኛ እንደሚሰጠው እኛ የምንሰማባትን ስፒከር በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን ለተረኛው እናስረክባለን። እኔ በዕድሜዬ ምክንያት ሙሴ፣ የማኅበሩ አለቃ፣ ተባልኩ። የከተማው ሰው «የጥሩምባ ማኅበር» ብሎ ስም አወጣልን። ስም አወጣሽ ተብሎ ከተማ አይከሰስም፣ ተቀበልነው።

ሙሴ ከሆንኩ ሕግ ማውጣት ይኖርብኛል፣ አወጣሁ። አባሉ የሚያመጣው አልበም አሁን፣ በዚህ ወር፣ እየሰማ ደስ የሚሰኝበት መሆን አለበት። ድሮ የወደድኩት አይሠራም፤ ትልልቅ ሰዎች የሚያደንቁት ነው ማለትም አይሠራም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያለፈውን ወር መድገም ፈጽሞ ክልክል ነው። የደገመ የማኅበሩን ብርጭቆ ሁሉ ያጥባል፣ በደብረ ታቦር ውኃ። የደብረ ታቦርን ውኃ ቅዝቃዜ የማያውቅ ሰው ቅጣቱን ሊንቀው ይችላል። ይህች የመጨረሻዋ ሕግ ኩራቴ ነበረች። ለጆሮ ስንፍና መድኃኒቱ ይኸ ነው እያልኩ ለመጣው ለሄደው አወራላት ነበር።

ሕጓን የጣሰ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ታምራት። ጥር ላይ፣ ማኅበሩ እኔ ቤት ሳለ፣ አንድ አልበም አመጣ። አንድ ሰውዬ ጥሩምባ ይነፋል፤ ይነፋል ከማለት ዝም ይላል ማለት ይቀላል። ትንሽ ይነፋና ረጅም ጊዜ ይጠፋል፣ ተስፋ ስትቆርጡ ይመለሳል። በሰው ሲተረክ ያታክታል፣ ሲሰሙት ግን ሆድ ያባባል። ወደድነው። ያን ቀን ትርንጎ አልነበረችም፤ እናቷ ታማባት ገሳይ ሄዳለች። የካቲት ላይ አያሌው ቤት ተሰበሰብን፣ ትርንጎ አሁንም አልተመለሰችም፣ ታምራት ያንኑ አልበም ይዞ መጣ። ረስተኸው ይሆናል አልኩት። አልረሳሁትም አለኝ። ብርጭቆውን አጠበ። መጋቢት ላይ ተራው የራሱ ነበር፤ ትርንጎም ከስታ፣ ዓይኗ ገብቶ መጣች። ታምራት ስፒከሯን ከፈተ። ያው ጥሩምባ።

እኔ በዚህ ጊዜ ተናደድኩ። ሙሴ መሆን ቀላል አይምሰላችሁ። ተነሥቼ «ወንድም ታምራት፣ ይህ ማኅበር ወደፊት የሚራመድ ማኅበር ነው» ብዬ ንግግር አደረግሁ። አያሌው ስልኩ ሞልቶበት ሌላ አልበም አልገባ ብሎት ነው ብሎ አሾፈ። ታምራት እጅጌውን ሰበሰበ። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ተራው፣ ብርጭቆ አጠበ። ትርንጎ ከተቀመጠችበት ተነሥታ እያንዳንዷን እየተቀበለች ታደርቅ ጀመር። እኔ ያን ጊዜ ያስተዋልኩት የምታደርቅበት ጨርቅ የብርጭቆ ሳይሆን የጠረጴዛ መሆኑን ብቻ ነው።

ፋሲካ ዋለ። አንድ ምሽት ታምራት ስኳር ይዞ ቤቴ መጣና ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ አወራን፤ እሱ ሳይሆን እኔ አወራሁ። በመጨረሻ መሬት መሬት እያየ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አለ። ለማን ብዬ ደነገጥኩ። ለትርንጎ አለ። የኛዋ ትርንጎ አልኩት። ባለቤቴ፣ ያቺ ሳክስፎን ሲሰማ ጓዳ የምትሸሸው፣ ከጓዳዋ ሆና «አሁን ነው የገባህ?» አለችኝ።

ታምራት አባቱ የሉም፤ አጎቱ አቅመ ደካማ ናቸው፣ ከሆሳዕና እዚህ ድረስ መጓዝ አይችሉም። «እዚህ አገር ከናንተ ሌላ ዘመድ የለኝም» አለኝ። ይህች ቃል አንጀቴን በላችው። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ቀን በፊት ማኅበራችን ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው ዘመድ አድርጎ እንደ ቆጠረን አላውቅም ነበር።

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። የትርንጎ አባት አቶ አድማሱ ገብስና ድንች የሚያመርቱ፣ በአገሩ ነገር አዋቂ የሚባሉ ሰው ናቸው። ከኛ በፊት ሁለት ጊዜ የመጡ ሽማግሌዎችን መልሰዋል፤ አንደኛው ጠያቂ ሐሙሲት ከተማ ላይ የራሱ አይሱዙ ያለው ሰው ነበር። አይሱዙ የመለሰ አባት ጥሩምባ ይቀበላል? ትርንጎን ስጠይቃት ቁርጡን ነገረችኝ። ወደ ቤይሩት ስትሄድ አባቷ አልመረቋትም፤ ተጣልታቸው ነው የሄደች፣ ያን ሁሉ ዓመትም ሆዷን ሲበላት ኖረ። «ታምራትን እወደዋለሁ መምህር፤ ግን አባቴ እምቢ ካሉ እኔም እምቢ ነኝ። ሳልመረቅ ሁለተኛ ከዚያ ቤት አልወጣም» አለችኝ። እንግዲህ የሁለት ሰው ሕይወት በእኔ አፍ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ሽማግሌ ሦስት ይሁን ተባለ። እኔ አንድ፣ አያሌው ሁለት። ለሦስተኛ የታምራትን አከራይ ጋሽ በላይን ወሰድን፤ ጃዝ አያውቁም፣ ታምራትንም ከኪራይ በላይ አያውቁትም፣ የወሰድናቸው ለሽበታቸውና ለጋቢያቸው ነው። አያሌውን በመንገድ ላይ በሚኒባሱ ውስጥ አስማልኩት። እዚያ ቤት አንድ ቃል ከተነፈስክ ዓመቱን ሙሉ ብርጭቆ ታጥባለህ አልኩት። ማለ። ታምራትን ገሳይ ስንደርስ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አስቀመጥነው። ሻይ አዘዘና ሳይነካው እኛ የምንሄድበትን መንገድ ያይ ጀመር።

በማለዳ ከአቶ አድማሱ በር ቆምን። ግቡ፣ ተቀመጡ ተባልን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን፣ እንደ ወጉ። በመጨረሻ መደቡ ላይ ተቀመጥን። አቶ አድማሱ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ ሁለት እጃቸውን በላዩ ደራርበው ይሰሙኝ ጀመር። ልናገር፣ አማርኛዬ ያን ቀን አማረ። አመጣጣችንን ተናገርኩ፣ የልጁን ሥራና ጠባይ፣ ሻይ ቤት ሆኖ እንደሚጠብቀንም ተናገርኩ፣ አገሩ ሩቅ ቢሆንም ሃይማኖቱ አንድ መሆኑን ተናገርኩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ በላይም ነቀነቁ። እንዴት ተዋወቁ ብለው ጠየቁኝ። በማኅበር አልኩ። ፊታቸው በራ፤ የማን ማኅበር ነው አሉ።

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር፤ አልዋሸሁም። የቅዱስ ስም የለውም፣ ሙዚቃ የምንሰማበት ነው አልኩ። አልተቆጡም፣ ደግሞ ምን ዓይነት ማኅበር ነው፣ እስቲ አስረዱኝ አሉ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ሰው ስለሚወደው ነገር ሲጠየቅ ማን ያቆመዋል? ሕጌን ተረክኩላቸው። ታምራት በየወሩ የወደደውን እያመጣ ያሰማናል፤ እኛ ዘንድ ያለፈውን መድገም ነውር ነው፤ ሁልጊዜ አዲስ፣ ሁልጊዜ ትኩስ አልኩ። ያለፈው ወር የወደደውስ ምን ይሆናል አሉኝ። «እሱማ አለፈ» አልኩ በኩራት። ጠልቶት ነው ወይ አሉ። የለም፣ አዲስ ሲመጣ ይተወዋል እንጂ አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አቶ አድማሱ ዱላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና በቀስታ «እንግዲያ መምህር፣ የወደደውን በየወሩ ለሚተው ሰው ነው ልጄን ስጥ የሚሉኝ?» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሙዚቃና ትዳር ለየብቻ ናቸው፣ አይያያዙም ብዬ ለመመለስ ተንተባተብኩ። «ልብ አንድ ነው መምህር። ይኸ ለዘፈን፣ ይኸ ለሚስት ተብሎ ሁለት ልብ የተሰጠው ሰው አላየሁም» አሉኝ። ጋሽ በላይ ጣሪያውን እያዩ «እሱስ እውነት ነው» አሉ። የማን ሽማግሌ መሆናቸውን ረስተውታል። እኔ ደግሞ ሻይ ቤት የተቀመጠው ልጅ ፊቱ መጣብኝ። ከናንተ ሌላ ዘመድ የለኝም ብሎ የመጣ ልጅ፣ ዘመዱ በገዛ አፉ ቀበረው።

አያሌው ያን ጊዜ መሐላውን በላ። «ኧረ አባቴ፣ እሱ መች ይለውጣል» አለ። «አልለውጥ ብሎ እኮ ነው በዚያ ብርድ ብርጭቆ ሲያጥብ የከረመው። አንዱን ጥር ላይ አመጣ፣ የካቲት ላይ ያንኑ፣ መጋቢት ላይ ያንኑ። እኚህ ሙሴያችን ሊያባርሩት ምንም አልቀራቸው።» አቶ አድማሱ ወደ እኔ ዞሩ፤ እውነት ነው ወይ አሉ። እውነት ነው አልኩ። ለምን ደጋገመው አሉ። ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅነውም፣ ቀጣነው እንጂ አልኩ።

አቶ አድማሱ ወደ ጓዳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ባለቤታቸውን ጠየቁ፤ አንጓች፣ የታመምሽው መቼ ነበር አሉ። ወይዘሮ አንጓች ነገሩን ሁሉ ሲሰሙ ኖረዋል መሰለኝ ወዲያው መለሱ። «ከጥምቀት ማግስት አይደል የወደቅሁ? ለደብረ ዘይት ነው ቀና ያልኩ። ልጄ እስከዚያ ካጠገቤ ንቅንቅ አላለችም።»

ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። ስንት ዓመት ካርታ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ እፊቴ የተዘረጋውን መንገድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «እሷ እስክትሰማው ነበር» አልኩ ሳላስበው። የወደደውን እሷ ሳትሰማው ወደ ሌላ መሻገር አልሆንልህ አለው። እኔ ደግሞ በንግግር አስነሥቼ ብርጭቆ አሳጠብኩት። አያሌው አንገቱን ደፋ። ለካ ይህ ሰው ሳይጠየቅ ዝም ማለትም ይችላል።

አቶ አድማሱ ወደ እኔ ቀረብ አሉ። ከዚያ «እስቲ ይህን ዘፈን አሰሙኝ» አሉ።

ስልኬን አውጥቼ፣ ድምፁ እንዲጎላ ጣሳ ውስጥ አስቀመጥኩት። ጥሩምባው ጀመረ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ጃዝ አሰምቻለሁ፣ እንዲህ የፈራሁበት ቀን ግን የለም። ወይዘሮ አንጓች መጥተው ከጓዳው በር ቆሙ። ሰውዬው እንደ ልማዱ ትንሽ ነፍቶ ጠፋ። አቶ አድማሱ ቀና ብለው አለቀ ወይ አሉ። አያሌው አላለቀም፣ እያሰበ ነው አላቸው። ምን ያስባል አሉ። ይህን እንኳን አያሌው፣ ነፊውም የሚያውቀው አይመስለኝም። ድራሙ ብቻውን ሲቀር ሰው በር የመታ መስሏቸው ወደ ደጁ ተመለከቱ። ጋሽ በላይ ከመሐሉ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ጋቢያቸው ግን የሽማግሌነቱን ሥራ መሥራቱን ቀጥሏል። ላቋርጠው ወይ ብዬ እጄን ስዘረጋ አቶ አድማሱ በዱላቸው ጫፍ ተው አሉኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ አንዲት ድምፅ ሳትቀር።

ሲያልቅ ስልኬን ከጣሳው ለማውጣት ፈራሁ። ትርንጎ ቤይሩት ያሳለፈቻቸው ዓመታት፣ የዚህ ዝምተኛ ልጅ ተስፋ፣ የኔም ሙሴነት፣ ሁሉም እዚያች ጣሳ ውስጥ ገብቶ የሚጠባበቅ መሰለኝ። አቶ አድማሱ በዱላቸው ጣሳዋን አመለከቱ። «ይህንን ነው ሦስት ጊዜ?» አሉ። «ሦስት ጊዜ» አለ አያሌው፣ «ያውም እየተቀጣ።»

አቶ አድማሱ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ባልና ሚስቱ ተያዩ፤ ምናልባት ያሳደጓትን፣ የተከራከረቻቸውን፣ ሳትመረቅ የሄደችባቸውን ልጅ እያሰቡ ይሆናል። ከዚያ አቶ አድማሱ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና እንዲህ አሉ፦

«እንግዲህ ይህን ሦስት ጊዜ የቻለ ሰው ትርንጎንም ይችላታል። ሂዱ ጥሩት፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝበት።»